ወደ ባሌ ተራራዎች ከልጆች ጋራ ለመጓዝ የሚያስፈልግ ዝግጅት

ሰው ወደ ወዳጁ ቤት ሊሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የባለቤቱን ሁኔታ ይጠይቃል። በቤቱ የሚገኝበትን ሰዓትና የሚያርፍበትን ጊዜ ሳያውቅ፤ በቤቱም በሽተኛ ወይም አራስ መኖሯን ሳይጠይቅ ዘው ብሎ የሚገባ ሰው ጨዋ አይባልም። የዱር አራዊትን ለማየት ወደ ብሔራዊ ፓርክ የሚደረግ ጉዞም እንዲሁ ነው። በዚያ ስፍራ ባለቤቶቹ አራዊቱ ናቸው፤ እኛ ግን እንግዶች ነን። ነገር ግን ከኛ ብዙዎቻችን ጉዞውን ስናሰናዳ የምናስበው ስለ ራሳችን የዕረፍት ቀን፤ ስለ አውቶሞቢላችንና ስለ ስንቃችን ብቻ ነው እንጂ፤ አውሬው በምን ሰዓት እንደሚሰማራና በምን ወር እንደሚወልድ አንጠይቅም። ስለዚህ ረጅም መንገድ ደክመን እንሄዳለን፤ ምንም ሳናይ እንመለሳለን፤ አንዳንድ ጊዜም በልጆቻችንና በአራዊቱ ላይ ጉዳት እናመጣለን።

ሳፋሪ የሚባለው ቃል በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ነው። ቃሉ በዓለም የታወቀው ግን በቀድሞ ዘመን ጠመንጃ ይዘው በምሥራቅ አፍሪካ ዱር ይመላለሱ በነበሩ አዳኞች ምክንያት ነው። ዛሬ በብሔራዊ ፓርክ የሚደረገው ሳፋሪ በዓይን ብቻ የሚታደንበት ነው፤ ወደ ቤት የሚመጣውም ግዳይ ትዝታና ፎቶግራፍ ነው። ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚያስፈልገውን ዝግጅት በግልጽ ለማሳየት የባሌ ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክን ምሳሌ አድርገን እንመለከታለን።

ይህ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ሲሆን ስፋቱ 2200 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ነው። በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። በዚህ በአንድ ፓርክ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ምድሮች አሉ። በሰሜን በኩል በዲንሾ አጠገብ የጋይሳይ ሜዳ ይገኛል፤ በዚያም የደጋ አጋዘን፤ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ ይሰማራሉ። በዲንሾ ኮረብታ ላይ የጽድና የኮሶ ዛፍ አለ፤ ከዚያም ከፍ ሲል አስታ ይበዛል። በመካከል የሳነቴ አምባ 4000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተዘርግቷል፤ ከሣሩ መካከል ጅብራ አንድ አንድ ሆኖ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። ከአምባው ላይ የሚነሣው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ከፍታው 4377 ሜትር ነው። በደቡብ በኩል ግን ምድሩ በድንገት ይወርድና የሐረና ደን ይጀምራል። በሐረና ቡና ያለ ተካይ ይበቅላል፤ የንብ ቀፎ በትልልቅ ዛፎች ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ቀርከሃ የሚበላው የባሌ ጦጣም በዚያ ይኖራል። ከነዚህ ተራራዎች የሚወርደው ውሃ ደግሞ እስከ ሶማልያ ድረስ በቆላ ለሚኖረው ሕዝብና ከብት መጠጥ ይሆናል።

ብዙው ጐብኚ ወደ ባሌ የሚመጣው ቀይ ቀበሮን ለማየት ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኝም። ጐልማሶቹ ሁሉ ቢቈጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራራዎች ይኖራሉ። ነገሩን ለልጆች ማስረዳት ቀላል ነው፤ በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ያሉ ተማሪዎች በዓለም ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ በቍጥር ይበልጣሉ።

ይህን የምጽፈው ተሳስቼ የተማርሁ ስለ ሆንሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋራ ወደ ባሌ ሄጄ ነበር። ያለኝ ዕረፍት 3 ቀን ብቻ ነበረና አንዱን ቀን ለመሄጃ፤ አንዱን ለማያ፤ አንዱን ለመመለሻ መደብሁ። ልጆቼ ከውሻቸው መለየት ስላልወደዱ ውሻውንም በአውቶሞቢል ጭኜ ወሰድሁ። ዲንሾ በደረስን ጊዜ የፓርኩ ዘበኛ ውሻውን አይቶ በትሕትና፤ «ጋሼ፤ እርስዎና ልጆችዎ ይግቡ፤ ውሻው ግን ሊገባ አይችልም» አለኝ። እኔም ተቈጥቼ፤ «ይህ ውሻ ጤነኛ ነው፤ በሰንሰለትም ታስሯል፤ ማንን ይጐዳል?» ብዬ መለስሁለት። ዘበኛውም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፤ «የውሻ ጤና በዓይን ታይቶ አይታወቅም፤ ጋሼ። በሽታው በገባ ጊዜ የሞቱትን ቀበሮዎች በየሜዳው እየዞርን የምንሰበስብ እኛ ነን» አለኝ። ከዚህ በኋላ የምመልሰው ቃል አላገኘሁም።

ነገሩን ኋላ ስመረምር የዘበኛው አነጋገር እውነት መሆኑን ተረዳሁ። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀበሮዎች ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 እና 1992፤ በ2003 እና 2004፤ በ2008 እና 2009 ተነሥቶ ብዙዎችን ፈጅቷል። በ2010 ደግሞ ሌላ የውሾች በሽታ ገብቶባቸዋል። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ሆነው የሚኖሩ፤ ሲገናኙም አፍ ለአፍ እየተነካኩ ሰላምታ የሚሰጣጡ ስለ ሆኑ፤ አንዱን የያዘው በሽታ በቀላሉ ወደ ሌሎቹ ይተላለፋል። በሽታው የሚመጣባቸውም ከሰው ውሾች ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ከሚደረገው ዝግጅት የመጀመሪያው ውሻን ከቤት ትቶ መሄድ ነው።

ያን ዕለት ውሻውን በሮቤ ከተማ ከአንድ ወዳጅ ቤት ትተን በጎባ አደርን። በማግሥቱ ጠዋት ከጎባ ተነሥተን በአውቶሞቢል ወደ ሳነቴ ወጣን። ጎባ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ናት፤ ከእርስዋ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ 4000 ሜትር ላይ መድረስ ለሰውነት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ይህን አላሰብሁም። ጥቂት እንደ ቆየን ታናሹ ልጄ ራሱን አመመው፤ ዳቦ ቢሰጡት እንቢ አለ፤ ኋላም አስመለሰው። እኔ የመንገዱ ጠመዝማዛነት ነው ብዬ ወደ ፊት ለመሄድ አሰብሁ። ባለቤቴ ግን፤ «ይህ ልጅ ምግብ እንቢ ብሎ አያውቅም። የመንገድ ነገር አይደለም፤ ከፍታው ነው፤ አሁኑኑ እንውረድ» አለች። «ቀበሮውን ሳናይ?» ብላት፤ «ቀበሮው ነገም አለ» አለችኝ። በዚህ መካከል አንድ ቀይ ቀበሮ ከመንገዱ ራቅ ብሎ ታየ። እኔም ልጆቹ እንዲያዩት ቸኩዬ የአውቶሞቢሉን ጡሩንባ ነፋሁ፤ ቀበሮውም ደንግጦ ከኮረብታው በስተኋላ ተሰወረ። ወደ ጎባ ወርደን ልጁ በማታ ጊዜ እራት በላ፤ ጤናውም ተመለሰ። እኔ ግን የልጄን ጤና ለጥቂት ሰዓት ደስታ አሳልፌ ልሰጥ እንደ ነበር በማሰብ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ተረት በእኔ ላይ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ለሁለተኛው ጉዞ ያደረግነውን ዝግጅት፤ ሌላው ቤተሰብ እንዲጠቀምበት በየተራው እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ወሩ። በባሌ ተራራዎች ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናም ይበዛል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ስለ ሆነ ለመንገድም ለእግርም የተመቸ ነው። ነገር ግን አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወልዳል፤ የሚወልድበትም ወራት በብዛት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እንግዲህ ጐብኚ በሚበዛበት ወራት እናቲቱ አራስ ናት ማለት ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የምትወልደው ብዙውን ጊዜ አንዲት ሴት ቀበሮ ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ግን ምግብ እያመጡና እየጠበቁ ግልገሎቹን በማሳደግ ያግዟታል። ሰው ወደ ጕድጓዱ የቀረበ እንደ ሆነ ግልገሎቹን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር ትገደዳለች፤ በዚያ ብርድ ይህ ለሕፃን እንስሳ ከባድ አደጋ ነው። ስለዚህ በነዚህ ወራት የሚሄድ ሰው ግልገል ለማየት አይመኝ። ቀበሮው ወደ እርሱ ዞሮ ደጋግሞ ቢጮኽ፤ ወደ ቤቱ መቅረቡን ዐውቆ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመለስ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀኑና ስለ ከፍታው። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ቤተሰብ ቢያንስ 5 ቀን ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን በአሰላ ወይም በሻሸመኔ በኩል ተጕዞ በዶዶላ ወይም በአዳባ ማደር ይቻላል። በሁለተኛው ቀን ወደ ዲንሾ ደርሶ የጋይሳይን ሜዳ ማየትና በእግር ቀስ ብሎ መንሸራሸር ይገባል፤ ይህም ሰውነትን ለከፍታው ያለማምዳል። በሦስተኛው ቀን ወደ ሳነቴ ወጥቶ በዚያው ቀን ወደ ጎባ ወርዶ ማደር ነው። በአራተኛው ቀን ሳነቴን ተሻግሮ የሐረናን ደን አይቶ መመለስ ይቻላል፤ በመጀመሪያው ቀን ቀበሮ ያላየ ሰውም በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። አምስተኛው ቀን የመመለሻ ነው። የዚህ ሁሉ ደንብ በአጭር ቃል፤ ከፍ ባለ ስፍራ መዋል፤ ዝቅ ባለ ስፍራ ማደር ነው።

በ4000 ሜትር ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ከመቶው 60 እጅ ያህል ብቻ ነው። የከፍታ ሕመም ምልክቱ ራስ ምታት፤ ማቅለሽለሽ፤ ምግብ መጥላትና ድካም ነው። መናገር የማይችል ሕፃን ያለ ምክንያት ቢነጫነጭ፤ ጡትና ምግብ እንቢ ቢል፤ እናት ይህንኑ ማሰብ ይገባታል። መድኃኒቱ ሳይዘገዩ መውረድ ነው። በተለይም በሽተኛው ሲራመድ ቢንገዳገድ፤ አነጋገሩ ቢዛባ፤ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ቢያጥረው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወርዶ ወደ ሐኪም መድረስ ያስፈልጋል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፤ ነፍሰ ጡርና ጨቅላ ሕፃን ያላት እናት ግን ከመነሣታቸው አስቀድሞ ሐኪም ያማክሩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ልብስ። በሳነቴ ቀን የሚያቃጥል ፀሐይ አለ፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ ከመያዝ፤ የሚደረብና የሚወልቅ ብዙ ልብስ መያዝ ይሻላል። ባርኔጣ፤ የእጅ ሹራብ፤ ወፍራም ካልሲ፤ ውሃ የማያስገባ ጫማና የዝናም ልብስ በበጋም ቢሆን አይቀሩም። የልብሱ ቀለም እንደ ሣርና እንደ አፈር የደበዘዘ ቢሆን አራዊቱ አይደነግጡም። አንድ የሩቅ ማያ መነጽር ለቤተሰቡ ሁሉ ይበቃል፤ ልጆቹም ተራ መጠበቅን ይማሩበታል።

አራተኛ፤ ስለ ስንቅ። ይህን ክፍል ባለቤቴ ነገረችኝ። በከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ያነሰ ነው፤ በ4000 ሜትር የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ምስርና ባቄላ በዚያ ልቀቅል የሚል ሰው ማገዶውን ይጨርሳል እንጂ እህሉ አይበስልለትም። የሚበስለው ሁሉ በቤት በስሎ መሄድ አለበት። ለመንገድ የሚሻለው ቆሎ፤ ዳቦ ቆሎ፤ በሶ፤ እንዲሁም በአርሲና በባሌ የታወቀው ከገብስና ከቅቤ የሚሠራው ጭኮ ነው፤ ይህም ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይቈያል፤ ለብርድም ኃይል ይሰጣል። ሻይ በፔርሙስ፤ ውሃም በብዛት ይያዝ። በሜዳ እሳት ማንደድ አይገባም፤ አስታ ደርቆ ሳለ እሳት ሲነካው ተራራውን ሁሉ ያቃጥላልና። የበሉበትን ፍርፋሪና ወረቀት ሁሉ ለቅሞ መመለስ የልጆቹ ሥራ ይሁን።

አምስተኛ፤ ስለ ሰዓቱ። የጉዞው ፍሬ ያለው በዚህ ነው። የደጋ አጋዘን የሚታየው ማለዳና ወደ ማታ ነው፤ ስለዚህ ጋይሳይን በነዚህ ሰዓቶች መጐብኘት ይገባል። ይህ አጋዘን በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን በ10 ሳንቲም ላይ ተቀርጿል፤ ልጆች ሳንቲሙን ይዘው የተጠማዘዘውን ቀንድ ከእውነተኛው ጋራ ሊያስተያዩ ይችላሉ። ቀይ ቀበሮ ግን የቀን አዳኝ ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ ከነዚህም ትልቁ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፍ ፍልፈል ሲሆን ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ፍልፈሉ ፀሐይ ምድሩን ሲያሞቀው ከጕድጓዱ ብቅ ብሎ በአጠገቡ ያለውን ሣር ይነጫል፤ ቀበሮውም በዚያ ሰዓት ለብቻው እየዞረ ያድናል። ስለዚህ በሳነቴ ማለዳ ተነሥቶ በብርድ መንቀጥቀጥ አያስፈልግም፤ ረፋድና ቀትር ይበቃል። ቀበሮን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ፍልፈልን ይፈልግ። ፍልፈል የበዛበትን ስፍራ አይቶ፤ ሞተር አጥፍቶ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ከብዙ መዞር ይበልጣል።

ስድስተኛ፤ ስለ ጠባይ። በሳነቴ የሚያልፈው መንገድ የቀበሮዎቹን ግዛት አቋርጦ ይሄዳል፤ በአውቶሞቢል ተገጭተው የሞቱም አሉ። ስለዚህ ቀስ ብሎ መንዳት፤ ጡሩንባ አለመንፋት፤ ከመንገድም አለመውጣት ግዴታ ነው። ለአውሬ ምግብ መወርወር ርኅራኄ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ቀበሮውን ወደ መንገድና ወደ መኪና ስለሚያስለምደው ሞቱን ማቅረብ ነው። ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ፤ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቆ፤ የአገሩን ተወላጅ መሪ ይዞ መሄድ ይገባል። ከመነሣት በፊትም በመንገዱ ላይ ስላለው ጸጥታ ማጣራት የቤተሰብ አባት ተግባር ነው። መሪው የሚያውቀው በመጽሐፍ አይገኝም። የባሌ ኦሮሞዎች ቀይ ቀበሮን ጀዳላ ፈርዳ ይሉታል፤ ይኸውም የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ስሙ የወጣለት ልትወልድ የተቃረበች ባዝራን እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው ይላሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ልጆች ከመሪው አፍ ሲሰሙ አይረሱትም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በኅዳር ወር ይህን ሁሉ አሰናድተን እንደገና ሄድን። ውሻው ከአያታቸው ቤት ቀረ። ያ ዘበኛ በዲንሾ አገኘኝና ወደ አውቶሞቢሉ ውስጥ አይቶ ሣቀ፤ እኔም አብሬው ሣቅሁ። ሳነቴ ላይ መሪያችን ባሳየን ስፍራ ቆመን ሞተር አጥፍተን ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ያህል ከነፋስ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ትልቋ ልጄ ልትናገር ስትል፤ ያ በፊተኛው ጉዞ የታመመው ታናሽ ወንድሟ ጣቱን ከከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛት። በዚያ ቅጽበት ቀዩ ቀበሮ ከሣሩ መካከል ወጣ፤ ጆሮውን አቁሞ አንዱን ጕድጓድ ተመለከተ፤ ዐፈሩን በእግሩ ጫረ፤ ከዚያም ወደ እኛ ዞር ብሎ አይቶ፤ እንደሌለን ቈጥሮ ሥራውን ቀጠለ። ልጁም በሹክሹክታ፤ «አባባ፤ አልፈራንም» አለኝ።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ ወደ ዱር ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አያገኝም። አውሬው ሳይፈራን በፊታችን ሥራውን ቢሠራ፤ መልካም እንግዶች ነበርን ማለት ነው። እንደዚህ ያለ እንግዳ ለመሆን ዝግጅቱ የሚጀመረው ከፓርኩ በር አይደለም፤ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ በቤት ተቀምጠው የመሄጃቸውን ወር፤ ቀንና ሰዓት በሚቈርጡበት ገበታ ላይ ነው።